የኤድጋር አለን ፖ ሕይወት፤ ባንድ መቀመጫ ስለሚያልቅ ሥራ

ባለፈው የትምህርት ዘመን ዐርብ ዐርብ ማታ አንድ ልማድ ይዘን ነበር። ከራት በኋላ ከመካከላችን አንዱ አንድ የሮክ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሰማናል፤ ሌላው ደግሞ በዚያ ሳምንት ያገኘውን አንድ አጭር ልብ ወለድ ያነብልናል። አልበሙና ልብ ወለዱ እንዲስማሙ አስቀድሞ የሚመክር አልነበረም። ስለዚህ አንዳንድ ማታ ሙዚቃው ወዲያ፣ ታሪኩ ወዲህ ይሄዱና ስንሥቅ እናመሻለን፤ አንዳንድ ማታ ግን ሁለቱ እንደ በገናና እንደ በገና ደርዳሪ ይስማማሉ።

ዛሬ ስለ አሜሪካዊው ደራሲ ስለ ኤድጋር አለን ፖ እንድንጽፍ ያደረገን እንዲህ ከተስማሙልን ምሽቶች አንዱ ነው። አልበሙ አለን ፓርሰንስና ኤሪክ ዉልፍሰን የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ሰዎች በ1976 ያወጡት ነው። ዘፈኖቹ ሁሉ መነሻቸው የፖ ግጥምና ልብ ወለድ ነው። ሸክላው ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ የኤሌክትሪክ ጊታርና አዲስ የድምፅ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከሞተ 127 ዓመት የሆነውን ደራሲ ምን አስፈለጋቸው? መልሱን ስንፈልግ የሰውየውን ሕይወት ማንበብ ግድ ሆነብን። ስናነብም አንድ ከባድ ስሕተት ልንሠራ ተቃርበን እንደ ነበር ደረስንበት፤ እሱን በቦታው እንናዘዛለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይወቁልን።

ፖ ጃንዋሪ 19 ቀን 1809 በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱም እናቱም ከከተማ ከተማ እየዞሩ ቴያትር የሚጫወቱ ተዋንያን ነበሩ። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ቤተ ሰቡን ጥሎ ሄደ። እናቱ ኤልሳቤጥ ከመድረክ መድረክ ስትንከራተት የሳንባ ነቀርሳ ያዛትና በዲሴምበር 1811 በሪችመንድ ከተማ ሞተች። ዕድሜዋ 24 ዓመት ነበር። ይህን 24 የተባለ ቁጥር አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

ሦስቱ ልጆቿ በየፊናቸው ተበተኑ። ኤድጋርን ጆን አለን የሚባል የሪችመንድ ነጋዴና ሚስቱ ፍራንሲስ ወስደው አሳደጉት። የመካከለኛ ስሙ የመጣው ከእነዚህ ሰዎች ነው። ሆኖም ጆን አለን ልጁን በሕግ ልጄ ብሎ አላስመዘገበውም። አበላው፣ አለበሰው፣ አስተማረው፤ ወራሽ ግን አላደረገውም። ከ1815 እስከ 1820 ነጋዴው በብሪታንያ ሲቀመጥ ልጁም አብሮ ሄደና በለንደን አጠገብ በስቶክ ኒዊንግተን ተማረ። ይህ ትምህርት ቤት ከብዙ ዓመት በኋላ «ዊልያም ዊልሰን» በሚለው ልብ ወለዱ ውስጥ ተመልሶ መጥቷል። ታሪኩ ስሙም መልኩም የራሱን በሚመስል ሰው ስለሚከታተለው አንድ ተማሪ ነው። በሰው ቤት እንደ ልጅ እያደገ ልጅ ያልሆነ ሰው ራሱን ለሁለት ተከፍሎ ቢያየው አይደንቅም።

በፌብሩዋሪ 1826፣ በ17 ዓመቱ፣ ፖ ወደ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ጄፈርሰን ያቋቋመውና ከተከፈተ ገና ዓመት ያልሞላው ነበር። ፖ የጥንትና የዘመኑን ቋንቋዎች ሲያጠና በላቲንና በፈረንሳይኛ ፈተና ከፍ ያለ ውጤት አገኘ። ችግሩ የገንዘብ ነበር። ከዓመታት በኋላ ለአሳዳጊው በጻፈው ደብዳቤ፣ የዓመቱ ወጪ ቢያንስ 350 ዶላር ሲሆን የተሰጠው 110 ዶላር ብቻ እንደ ነበረ አስታውሶታል። ጉድለቱን በቁማር እሞላለሁ ብሎ ዕዳው እየከበደ ሄደ። ጆን አለን ደግሞ ቁማርተኛ አላሳድግም፣ የቁማር ዕዳም አልከፍልም አለ። ዓመቱ ሲያልቅ ፖ ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። እንዳልተባረረ ግን ይታወቅ፤ ያስወጣው ዕዳው ነው። የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ኪሱ ባዶ የሚሆንበት ተማሪ ይህን ሲያነብ ማዘኑ አይቀርም፤ እኛም አዝነናል። ቢሆንም ዕዳውን ያበዛው የካርታ ጨዋታው መሆኑን ሳንናገር አናልፍም።

ከአሳዳጊው ጋር ተጣልቶ ወደ ቦስተን ሄደና በሜይ 1827 ኤድጋር ፔሪ በሚል የሐሰት ስም በጦር ሠራዊት ተቀጠረ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉን አሳተመ፤ በሽፋኑ ላይ ስሙን አላወጣም፣ የቦስተን ሰው ብቻ ተብሎ ተጻፈ። መጽሐፉን የገዛውም ያየውም ጥቂት ሰው ነው። በወታደርነቱ ግን ሰነፍ አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በመድፈኛ ክፍሉ ከተራ ወታደሮች ከፍተኛውን ማዕርግ አገኘ። በሳውዝ ካሮላይና ባሕር ዳር የነበረበት ደሴት ኋላ ለ«ወርቃማው ጥንዚዛ» ታሪክ ቦታ ሆኖታል። በ1829 በሚወዳት አሳዳጊ እናቱ ሞት ምክንያት ከጆን አለን ጋር ጥቂት ጊዜ ታረቁ፤ ፖም ምትክ ሰው ቀጥሮ በሕግ ከሠራዊቱ ተሰናበተ። በ1830 ወደ ዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ሳለ ጆን አለን ሌላ ሚስት አገባ፤ ጠቡም ተመለሰ። ፖ ከትምህርት ቤቱ ለመውጣት ስለ ፈለገ ሆን ብሎ ከሰልፍና ከስም ጥሪ እየቀረ በጦር ፍርድ ቤት በ1831 ተሰናበተ። አብረውት የተማሩት ወጣቶች ግን ከኪሳቸው ገንዘብ አዋጥተው በዚያው ዓመት የግጥም መጽሐፉን እንዲያሳትም ረዱት። እሱም መጽሐፉን ለእነሱ መታሰቢያ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ባልቲሞር ከተማ ወደ አክስቱ ወደ ማሪያ ክሌም ቤት ገባ። ቤቱ የድኻ ቤት ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሄንሪም እዚያው ነበረ፤ በዚሁ በ1831 ሞተ። የሞተውም በ24 ዓመቱ ነው።

ፖ ግጥም እንደማያበላው ያን ጊዜ ገባውና ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረ። በ1833 አንድ የባልቲሞር ጋዜጣ ባወጣው ውድድር «በጠርሙስ ውስጥ የተገኘ ጽሑፍ» በሚለው ታሪኩ 50 ዶላር ተሸለመ። በ1834 ጆን አለን ሞተ። ሀብቱ ብዙ ነበር፤ በኑዛዜው ግን የፖ ስም የለበትም።

በ1835 ወደ ሪችመንድ ሄዶ በአንድ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ተቀጠረ። ከዚህ በኋላ ፖ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ የመጽሔት ሰው ነው። ከሪችመንድ ወደ ኒው ዮርክ፣ ከኒው ዮርክ ወደ ፊላዴልፊያ፣ ከፊላዴልፊያ እንደ ገና ወደ ኒው ዮርክ የተዘዋወረው ሁሉ ሥራ ፍለጋ ነው። የሰው ጽሑፍ ያርማል፣ ሒስ ይጽፋል፣ ባዶ የቀረውን ገጽ ይሞላል። በ1841 በፊላዴልፊያ የግሬም መጽሔት አዘጋጅ ሲሆን ደመወዙ በዓመት 800 ዶላር ነበር፤ በሕይወቱ ከዚህ የተሻለ ቋሚ ደመወዝ አላገኘም።

አንባቢ፣ ይህን ያህል የታወቀ ደራሲ ስለ ምን መጽሐፍ እያሳተመ አይኖርም ነበር ሊል ይችላል። ምክንያቱ የሕግ ጉድለት ነው። ያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ደራስያንን መብት አይጠብቅም ነበር። ስለዚህ የአሜሪካ አሳታሚ የዲከንስን መጽሐፍ ከእንግሊዝ አምጥቶ ሳንቲም ሳይከፍል ያትማል። በነፃ የሚታተም ዲከንስ እያለለት ለአገሩ ልጅ ገንዘብ ከፍሎ የሚያትም ማን ነው? ፖ በ1840 ልብ ወለዶቹን በሁለት ቅጽ ሰብስቦ ሲያወጣ አሳታሚዎቹ ከጥቂት ቅጂ በቀር ምንም አልሰጡትም። ይህ ሕግ የተለወጠው በ1891 ነው፤ ፖ ከሞተ ከ42 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለአሜሪካዊ ደራሲ የቀረው የዕለት እንጀራ መጽሔት ነበር፤ መጽሔት ደግሞ ገጹ የተቆጠረ ነው።

ስለዚህ ፖ ከችግሩ ሕግ አወጣ። በ1842 የናትናኤል ሆውቶርንን ታሪኮች ሲተች አንድ ሐሳብ አቀረበ። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ አጭር ልብ ወለድ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ባንድ መቀመጫ ተነብቦ ማለቅ አለበት። አንባቢ መጽሐፉን አጥፎ ወደ ጉዳዩ ከሄደ ዓለም መካከል ይገባና የታሪኩ ኀይል ይሰበራል። ደራሲውም ከመጻፉ በፊት በአንባቢው ልብ ላይ ሊያሳድር የሚፈልገውን አንድ ስሜት ይመርጣል፤ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ወደዚያ ስሜት የማይወስድ ቃል ሁሉ ትርፍ ነው።

ይህን ካነበብን በኋላ የዐርብ ማታው ጥያቄያችን ግማሽ መልስ አገኘ። በ1948 የወጣው ረጅም ሸክላ በአንዱ ገጹ 20 ደቂቃ ያህል፣ በሁለቱ ገጽ 40 ደቂቃ ያህል ሙዚቃ ይይዛል። በ1960ዎቹ ዓመታት የሮክ ተጫዋቾች ሸክላውን የተለያዩ ዘፈኖች መከመሪያ ማድረጉን ትተው ባንድ መቀመጫ የሚሰማ አንድ ሥራ ሊያደርጉት ሞከሩ። ከዚህ ዐይነት አልበሞች ዋነኛው ቢትልስ በ1967 ያወጡት የሳጅን ፔፐር አልበም ነው። በሽፋኑ ላይ ከተደረደሩት የታወቁ ሰዎች መካከል፣ በላይኛው ረድፍ፣ የፖ ፊት ይታያል። አንዳንዶቻችን የፖን መልክ መጀመሪያ ያየነው በዚያ ሽፋን ላይ ነው፤ ጽሑፉን ከማንበባችን በፊት ማለት ነው። ሽፋኑን የሠሩት ሰዎች ስለ ሆውቶርን የተጻፈውን ሒስ አስበው ነው አንልም። ግን ቦታው ይገባዋል።

አሁን ወደዚያ ምሽት እንመለስ። መጀመሪያ የተነበበልን በ1843 የወጣው «ምስጢር አውጪው ልብ» ነው። አንድ ሰው ሽማግሌ ገድሎ ከወለሉ ሳንቃ ሥር ይቀብርና እብድ አለመሆኑን ሊያስረዳን ይሞክራል። የሞተው ሰው ልብ ሲመታ ግን ይሰማዋል። ንባቡ ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ በክፍሉ ውስጥ የሳለ እንኳ አልነበረም። ቀጥሎ ከአልበሙ ያንኑ ታሪክ ሰማን። ዘፋኙ አርተር ብራውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጮኻል። እዚህ ላይ ተከፋፈልን። ገሚሶቻችን፣ በታሪኩ የሚያስፈራው ነፍሰ ገዳዩ ተረጋግቶ መናገሩ ነው፤ ዘፋኙ ከጮኸ ምስጢሩ ገና ሳይጀመር ወጣ አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ፣ ጩኸቱ በዚያ የተረጋጋ ንግግር ሥር የነበረው ነው፤ ዘፋኙ ክዳኑን ብቻ ነው ያነሣው አልን። ክርክሩ አልተቋጨም።

ያልተከራከርንበት «የአሞንቲላዶ በርሜል» ነው። በ1846 በወጣው በዚህ ታሪክ አንድ ሰው ጠላቱን በወይን ጠጅ አታሎ ወደ ምድር ቤት ይወስደውና ከነነፍሱ በግንብ ይደፍንበታል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው እንደ ወዳጅ እያባበለ ነው። በአልበሙ ላይ ጆን ማይልስ በለሰለሰ ድምፅ ይጀምረዋል። ያ ለስላሳ ድምፅ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራን። ሁለተኛው ገጽ ደግሞ አብዛኛው በ1839 የወጣው «የኡሸር ቤት ውድቀት» ነው፤ ያለ ቃል፣ በኦርኬስትራና በመሣሪያ ብቻ። አንድ ጓደኛችን ታሪኩን ከሙዚቃው በፊት ሲያነብ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ በታሪኩ ውስጥ ብዙ ነገር አይሆንም ብሎ። ሙዚቃውን ከሰማ በኋላ ግን በማግስቱ መልሶ አነበበው። በዚያ ታሪክ ዋናው ነገር ድርጊቱ አይደለም፤ የቤቱ አየር ነው። የፈረንሳዩ ደቡሲም ከዚሁ ታሪክ ኦፔራ ሊሠራ ጀምሮ በ1918 ሳይጨርሰው ሞቷል። ሙዚቀኛ ሁሉ ወደ ኡሸር ቤት የሚመላለሰው ስለዚህ ይመስለናል።

ሕይወቱን እንቀጥል። በ1836 ፖ የአክስቱን የማሪያ ክሌምን ልጅ ቨርጂኒያን አገባ። እሱ 27 ዓመቱ፣ እሷ 13 ዓመቷ ነበር። በጋብቻው ወረቀት ላይ ግን 21 ዓመቷ ነው ተብሎ ተመስክሯል። ይህን የምንደብቅበት ምክንያት የለንም። በጃንዋሪ 1842 ቨርጂኒያ ስትዘፍን ሳለ ደም ከአፏ ወጣ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ከዚያ ጀምሮ አምስት ዓመት አንድ ቀን ትሻላለች፣ አንድ ቀን ትወድቃለች። ፖ በተስፋና በተስፋ መቁረጥ መካከል ሲመላለስ ይጠጣ ጀመር፤ ጥቂት መጠጥ እንኳ ብዙ ይጎዳው እንደ ነበር የሚያውቁት ሰዎች መስክረዋል። ሆኖም ብዙዎቹ የታወቁ ታሪኮቹ የተጻፉት በእነዚህ የመከራ ዓመታት ነው። የመርማሪ ልብ ወለድ መጀመሪያ የሚባለው «በሩ ሞርግ የተፈጸመው ግድያ» ከሕመሟ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1841 ወጥቷል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አይረን ሜይደን የተባሉት የሮክ ተጫዋቾች በ1981 በዚህ ታሪክ ስም ዘፈን አውጥተዋል።

በ1843 «ወርቃማው ጥንዚዛ» 100 ዶላር አሸለመው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተሰወረ ጽሑፍ የሚፈታበት መንገድ እጅግ ብልኅ ነው። ጁፒተር የተባለው ነፃ የወጣ ጥቁር ሰው ግን የተሣለው ለመሣቂያ ነው። እኛ አፍሪካውያን ተማሪዎች ያን ክፍል በሣቅ አላለፍነውም። ፖ ባሪያ በሚሸጥበት አገር ያደገ ሰው ነው፤ ብዕሩም ከዚያ አገር ዐይን አልወጣም።

በጃንዋሪ 1845 «ቁራው» የሚለው ግጥም በኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ በየጋዜጣው እየተገለበጠ ታተመ፤ ልጆች ሳይቀሩ በመንገድ የቁራ ክንፍ እያስመሰሉ ይከተሉት ነበር ይባላል። ከዝናው በኪሱ የገባው ግን ጥቂት ዶላር ነው። በዚያ ዓመት የአንድ መጽሔት ባለቤት ለመሆን ቻለ፤ በጃንዋሪ 1846 መጽሔቱ በገንዘብ ዕጦት ተዘጋ። ለረጅም ዘመን ሲመኘው የኖረው፣ ስሙን እንኳ አስቀድሞ ያወጣለት የራሱ መጽሔት ሳይታተም ቀረ። በሒሱም ብዙ ጠላት አፈራ፤ ሎንግፌሎን የሚያህል የተከበረ ባለቅኔ የሰው ሐሳብ ይሰርቃል ብሎ ከስሶታል። ፍርዱ አንዳንዴ ትክክል፣ አንዳንዴ የቅናት ነበር።

ቨርጂኒያ ጃንዋሪ 30 ቀን 1847 በኒው ዮርክ አጠገብ በፎርደም በምትገኝ ትንሽ ቤት ሞተች። ዕድሜዋ 24 ዓመት ነበር። እናቱ፣ ወንድሙ፣ ሚስቱ፣ ሦስቱም በ24 ዓመታቸው ሞቱበት። በፖ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ምን ወጣት ሴት ሁልጊዜ ትሞታለች፣ ስለ ምንስ ከመቃብር ተመልሳ ትመጣለች ብለን በዐርብ ማታ የቀለድን ሰዎች፣ ይህን ስናነብ ቀልዳችን አፈርንበት።

በሴፕቴምበር 1849 መጨረሻ ፖ ከሪችመንድ ተነሣ። ኦክቶበር 3 ቀን በባልቲሞር የምርጫ ድምፅ ይሰጥበት በነበረ አንድ መጠጥ ቤት አጠገብ የራሱ ያልሆነ ልብስ ለብሶ፣ አእምሮውን ስቶ ተገኘ። ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ። ኦክቶበር 7 ቀን 1849 ጧት በ40 ዓመቱ ሞተ። የሕክምናው መዝገብ ስላልተገኘ የሞቱ ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። በቀብሩ ላይ የተገኙት ጥቂት ሰዎች ናቸው።

ከሞተ በሁለተኛው ቀን በአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ የሕይወት ታሪኩ ወጣ። ጸሐፊው በብዕር ስም የተሰወረው ሩፉስ ግሪስወልድ ነው። ግሪስወልድ በ1842 በግሬም መጽሔት የፖን ቦታ የያዘ፣ በሒስም ከፖ ጋር የተቀያየመ ሰው ነበር። ይህም ሳያንስ የፖን ሥራዎች ሰብስቦ የማሳተም ሥልጣን አገኘና በ1850 ከመጽሐፎቹ ጋር ሌላ ረዘም ያለ የሕይወት ታሪክ አወጣ። በዚያ ላይ ፖ ከዩኒቨርሲቲ ተባረረ፣ ከጦር ሠራዊት ከዳ፣ ወዳጅ የሌለው ሰካራም ነበረ ይላል። ማስረጃ እንዲሆነውም የፖን ደብዳቤዎች እየለወጠ፣ ያልጻፈውን እየጨመረ አተመ። የሥራ ባልደረባው ግሬምና ሌሎችም ወዳጆቹ ተከራከሩለት፤ ነገር ግን የግሪስወልድ ጽሑፍ ከመጽሐፎቹ ጋር ተጠርዞ ስለ ተሸጠ የፖን ሥራ የገዛ ሁሉ ስድቡንም አብሮ ገዛ። የደብዳቤዎቹ ሐሰትነት በመረጃ ተዘርዝሮ የታየው አርተር ሆብሰን ክዊን በ1941 ባወጣው መጽሐፍ ነው። ሐሰቱ 91 ዓመት ኖረ።

አሁን የራሳችንን ኀጢአት እንናዘዝ። ይህ ጽሑፍ ለዚህች በማባዣ መኪና ለምትወጣ መጽሔታችን መጀመሪያ ሲዘጋጅ ሦስት ገጽ ስቴንስል ተመትቶ አልቆ ነበር። በእሱም ላይ ፖ ከዩኒቨርሲቲ የተባረረ፣ ከጦር የከዳ፣ በሰከረበት ቦይ ውስጥ የሞተ ሰው ነበር። ማንም ያስገደደን አልነበረም፤ እንዲህ ነው ሲባል ሰምተን፣ እንዲህ ነው ብለን ጻፍን። ጽሑፉም፣ እውነት ለመናገር፣ ከአሁኑ ይልቅ ያምር ነበር። ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው አንድ ስሜት ነበረው፤ ጨለማ ታሪክ የጻፈ ሰው በጨለማ ኖሮ በጨለማ ሞተ የሚል። አንዲት ጓደኛችን ይህን ከየት አመጣችሁት ብላ ስትጠይቅ መልስ አጣን። ፈልገን ፈልገን የደረስነው ግሪስወልድ ዘንድ ነው። ስቴንስሉን ቀደድነው።

ግሪስወልድ የሠራው ሥራ ምን እንደ ሆነ የገባን ያን ጊዜ ነው። ፖ ለአጭር ልብ ወለድ ያወጣውን ሕግ በፖ ሕይወት ላይ ሠራበት። አንድ ስሜት መረጠ፤ ወደዚያ የማይወስደውን ሁሉ አስወገደ፤ የጎደለውን ፈጠረ። በላቲንና በፈረንሳይኛ ያለፈው ተማሪ፣ በማዕርግ ያደገው ወታደር፣ በገንዘባቸው መጽሐፍ ያሳተሙለት ጓደኞቹ፣ አምስት ዓመት የታመመች ሚስቱን ያስታመመው ባል ለታሪኩ አይመቹም፤ ስለዚህ ወጡ። ያንባቢው ትዕግሥትም እንደ ፖ ሕግ ባንድ መቀመጫ አለቀ። ሕጉ ለልብ ወለድ መልካም ነው፣ ለአልበምም መልካም ነው፤ ለሰው ሕይወት ግን አይሆንም። ሰው አንድ ስሜት ብቻ አይደለም። ፖ ራሱ ለ13 ዓመት ልጅ ባልም ነበረ፣ ለታመመች ሚስት አስታማሚም ነበረ፤ በጁፒተር ላይ ያፌዘና በቨርጂኒያ ሞት የተሰበረ አንድ ሰው ነው።

የሮክ ሙዚቀኞችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ጥቁር ለባሹን፣ ሰካራሙን፣ ቁራ የተከተለውን ፖ ወደዱት፤ እየቆረጠ የሚያርመውን፣ ደመወዝ የሚጠብቀውን የመጽሔት አዘጋጅ ግን የዘፈነለት ያለ አይመስለንም። ከሁሉ የተሻለውን ያደረገ ሉ ሪድ ይመስለናል። ሪድ በወጣትነቱ በሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ የአጭር ልብ ወለድ ደራሲና ባለቅኔ በሆነው በዴልሞር ሽዋርትዝ ሥር የተማረ ነው። በ2003 «ቁራው» ብሎ ባወጣው አልበም የፖን ሥራዎች በራሱ ቃል እንደ ገና ጻፋቸው፤ ተዋንያንም እንዲያነቡለት አደረገ። አልበሙ ረጅም ነው፤ ወጥነትም የለውም፤ አንዱ ክፍል ሲያሥቅ ሌላው ያሰለቻል። በመጀመሪያው ምሽት ግማሾቻችን መካከሉ ላይ ወጥተን ሄደን ነበር። አሁን ስናስበው ግን፣ ያ ያልተስተካከለ ሥራ ከተስተካከለው ይልቅ ወደ ሰውየው ይቀርባል። ባንድ መቀመጫ አያልቅም።

የሞተ ሰው ለአዘጋጁ ደብዳቤ አይጽፍም። ስለዚህ ስለ እሱ የምንጽፈው ሰዎች ከየት እንዳገኘነው ራሳችንን እንጠይቅ። ይህ ለሙታን ብቻ አይደለም፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ስንቱን የክፍል ጓደኛችንን በአንድ ወሬ፣ በአንድ ስሜት፣ ባንድ መቀመጫ ጨርሰነዋል! የመጪው ዐርብ ልብ ወለድ «ዊልያም ዊልሰን» ነው፤ አልበሙ ገና አልተመረጠም። አንባቢ የሚመርጥልን ካለ ከራት በኋላ ይምጣ፤ ወንበሩን ግን ይዞ ይምጣ።